ከአዳማ ደሎ መና ለሚመላለስ ሰው ኤሌክትሪክ ይሻላል ወይስ ሃይብሪድ?

የመክፈቻው ጥያቄ

ሰላም ለዚህ ቤት። ፍራንኮ አካባቢ ትንሽ የቡናና የማር ሱቅ አለኝ። በዓመት አራት አምስት ጊዜ ጎህ ሲቀድ ከአዳማ ተነስቼ፣ በአሰላ፣ በበቆጂ፣ በዶዶላና በዲንሾ አድርጌ፣ ሮቤን አልፌ ጎባ አድራለሁ። በማግስቱ ሳነቲን ተሻግሬ የሐረናን ደን ሰንጥቄ ደሎ መና፣ አጎቴ ዘንድ እወርዳለሁ። ሁለት ሌሊት አድሬ የጫካ ቡናና ማር ጭኜ እመለሳለሁ። መኪናዬ አርጅታለች፤ ቤንዚን አልበቃ ብሏት ዘይት መጠጣት ጀምራለች። ያለኝ ብር ያገለገለ ሃይብሪድ (ቤንዚንና ባትሪ አብረው የሚነዱትን) ይገዛል። ባለ 60 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ኤሌክትሪክም ይገዛል። እቁቡ ከወጣልኝ ደግሞ 80 የሚይዘው ላይ እደርሳለሁ። ስለ አዲስ አበባ መንገድ አትንገሩኝ፤ እሱን ሁሉም ያውቀዋል። የምጠይቀው ከአሰላ ወዲያ፣ በተለይም ከጎባ ወዲያ ስላለው ነው። የትኛውን ልግዛ?

ይህን የጻፍኩት ማክሰኞ ማታ ነበር። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ስቆጥረው 37 መልስ ተደርድሯል። ከታች ያለው የእነሱ ሐሳብ በእኔ አነጋገር ነው። ስድቡን ቀንሻለሁ፤ ሙሉ በሙሉ ግን አላወጣሁትም፤ አንዳንዱ ቁም ነገር ይዞ የመጣ ስድብ ነው።

መልስ 1። በጣም ጨዋ ሰው ናቸው። መጀመሪያ ለንግዴ በረከት መረቁ፤ ከዚያ ያለ ጥርጥር ኤሌክትሪክ ግዛ አሉኝ። ሁለት ዓመት በየሳምንቱ አዳማ አዲስ አበባ ሲመላለሱ ማታ ቤታቸው ሰክተው እያደሩ ነው፤ የነዳጅ ሰልፍ ከረሱ ቆዩ። ያልጠየቅኩትን ብቻ መለሱልኝ፣ ግን ከአክብሮት ጋር ስለሆነ አመስግኛለሁ።

መልስ 2፣ 3 እና 4። ሁለተኛው ዶልፊን ግዛ አለ። ሦስተኛው ተደስቶ ዶልፊን ስንት ኩንታል ቡና እንደሚችል፣ የኋላው ወንበር ቢነሳ ምን ያህል እንደሚሰፋ፣ ናፍጣ ላይ ምን ያህል ቆጣቢ እንደሆነ በሦስት አንቀጽ አስረዳኝ። አራተኛው ነው የነገረው፤ ይሄኛው ዶልፊን የቢዋይዲ ትንሿ ኤሌክትሪክ መኪና እንጂ የመናኸሪያው ሚኒባስ አይደለም። ሦስተኛው አላፈረም። ስሙን እኛ ቀድመን ይዘነዋል፣ ቻይናዎቹ ጠይቀው ማውጣት ነበረባቸው ብሎ ዘጋው።

መልስ 5። ቁም ነገሩን የጀመረው እሱ ነው። መኪናው ወረቀት ላይ የተጻፈውን ኪሎ ሜትር አትመን አለኝ። እዚህ የምናያቸው አብዛኞቹ መኪኖች ይዘው የሚመጡት ሲ ኤል ቲ ሲ የሚባለውን የቻይና ፍተሻ ቁጥር ነው። በዚያ ፍተሻ አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ከተማ ውስጥ እንደመንቀዋለል ነው። ምሳሌ አመጣ፦ የቢዋይዲ ዩዋን ፕላስ ባለ 60 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪው በቻይናው ቁጥር 510 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ ያው መኪና አውሮፓ ውስጥ አቶ 3 ተብሎ ሲፈተን 420 ነው። የራሱን ልምድም ጨመረ፤ በ80 ሲነዳ ለ100 ኪሎ ሜትር 15 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበላል፣ ፈጣን መንገዱ ላይ 110 ሲረግጥ ግን ከ18 ያልፋል። ስለዚህ የአርሲ መንገድ፣ ፍጥነት ስለማይፈቅድ ብቻ፣ ከፈጣን መንገዱ የተሻለ ሊሆን ይችላል አለ። ይህን አስቤው አላውቅም ነበር።

መልስ 6፣ 7 እና 8። እዚህ ላይ ጠብ ተነሳ። ስድስተኛው 15 የሚባል ነገር የለም፣ የኔ 21 ነው የሚበላው አለ። ሰባተኛው ደግሞ በዚያው መኪና፣ በዚያው መንገድ፣ 14 ብሎ ማለ። ስምንተኛው ሁለቱንም ውሸታሞች ብሎ፣ አንዱ መኪናውን ሊሸጥ ሌላው የሰው መኪና ሊያረክስ ፈልጎ ነው ሲል ደመደመ። አንዱ የሌላውን ቤተሰብ እስከማንሳት ደርሶ ነበር።

መልስ 9። የፊዚክስ አስተማሪ ናቸው፤ ከአነጋገራቸው ያስታውቃል። ማንንም አልተቆጡም። ስድስተኛውንና ሰባተኛውን አንድ ነገር ብቻ ጠየቋቸው፦ የለካችሁት ስትሄዱ ነው ስትመለሱ? አንዱ ወደ አዲስ አበባ ሲወጣ፣ ሌላው ወደ አዳማ ሲወርድ ነበር። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አዲስ አበባ 2,350 ገደማ ላይ። ሁለት ቶን መኪና 650 ሜትር ወደ ላይ ማንሳት ብቻውን 3.5 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል፤ ሲወርድ ከዚያ ላይ የተወሰነው ወደ ባትሪው ይመለሳል። ሁለቱም እውነት ተናግረዋል፣ የተለያየ አቅጣጫ ነው የተናገሩት። ከዚያ እስከ መጨረሻው ሁላችንም የተጠቀምንበትን ልክ ሰጡን፦ ሁለት ቶን ለሚመዝን መኪና እያንዳንዱ 1,000 ሜትር ዳገት 6 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፣ እያንዳንዱ 1,000 ሜትር ቁልቁለት ከ3 እስከ 4 ይመልሳል።

ስድስተኛውና ሰባተኛው ታረቁ። ስምንተኛው አልተመለሰም።

መልስ 10። ይህ ሰውዬ ቱሪስት ይዞ ባሌ የሚመላለስ ሾፌር ነው። ገና ሲጀምር ዘጠኛችሁም ከአሰላ አልፋችሁ አታውቁም አለ። የሚያናድደው፣ ትክክል ሳይሆን አይቀርም። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ከአዳማ ደሎ መና ደርሶ መልስ በግምት 880 ኪሎ ሜትር ነው። ደህና ሃይብሪድ በዚያ ዳገት ለ100 ኪሎ ሜትር ከ5 እስከ 6 ሊትር ቢበላ ነው። አዳማ ላይ ታንከሩን በ45 ሊትር ሞልተህ አንድ ጀሪካን ብትጨምር የማንንም ደጅ ሳታንኳኳ ሄደህ ትመለሳለህ። መብራት ጠፋ አልጠፋ አያገባህም። ኤሌክትሪክ ሐረና ጫካ ውስጥ ቢቆም ደግሞ ችግሩ ሌላ ነው፤ የሚያሽከረክሩት ጎማዎቹ መሬት ላይ ሆነው በገመድ መጎተት አይፈቀድለትም፣ ተጭኖ ነው መውጣት ያለበት። ጭኖ የሚያወጣህ መኪና እዚያ ጫካ ውስጥ ከየት ታመጣለህ? ጦጣ ነው የሚያወጣህ? (የመጨረሻዋ የእሱ ናት።)

ሐቁን ለመናገር ይህን ሳነብ ሃይብሪድ ገዝቼ ጨርሻለሁ።

መልስ 11። የአስረኛውን ጀሪካን ያዘ። ጀሪካን ይዘህ ብትሄድ የትኛው ማደያ ነው የሚቀዳልህ አለው። ባለፈው ዓመት እሱ ራሱ ግማሽ ቀን ተሰልፎ፣ ተራው ሲደርስ ቤንዚን አልቋል ተብሎ ተመልሷል። ከመንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠውን ገዝቶ ደግሞ ምን እንደተቀላቀለበት እግዜር ይወቀው፣ መርጫው ተደፍኖ ሁለት ቀን ጋራዥ ቆመ። አስረኛው በአንድ መስመር መለሰ፤ ሰልፉን አዳማ ላይ፣ ከጉዞው በፊት በነበረው ቀን ጨርሰው።

መልስ 12። ይህኛው ስለ ከፍታ ነው የጻፈው። ሳነቲ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ አጠገቡ ያለው ቱሉ ዲምቱ 4,377 ይደርሳል። እዚያ አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር ከጉልበቱ አንድ ሦስተኛ በላይ ያጣል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስምና ግድ የለውም። ሁለተኛው ነጥቡ ግን የበለጠ ገረመኝ። ሃይብሪድ ቁልቁለት ላይ ባትሪ ይሞላል እየተባለ ይወራል፤ ሆኖም የተራው ሃይብሪድ ባትሪ 1 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው፣ 200 ሜትር እንኳ ሳትወርድ ይሞላል። ከሳነቲ እስከ ደሎ መና ደግሞ 2,800 ሜትር ያህል ነው የሚወረደው። የቀረውን ሁሉ ፍሬንና ሞተር ናቸው የሚይዙት። አስረኛው እዚህም መጣ፦ በከባድ ማርሽ ይወርዳል፣ ፍሬን ሸትቶት አያውቅም፣ በፎሌ የሚለቅ እብድ ብቻ ነው ፍሬን የሚያቃጥለው።

መልስ 13። ሃይብሪድ የሚሠራ መካኒክ ነው፣ ያለ ወገንተኝነት ጻፈ። ሃይብሪድ ልትገዛ ከሆነ ከሞተሩ በፊት የኋላ ወንበሩን እይ አለኝ። በብዙዎቹ ሃይብሪዶች የባትሪው ማቀዝቀዣ አየር የሚገባው ከኋላ ወንበሩ ጎን ወይም ሥር ባለች ትንሽ ወንፊት ነው። የፒስታ አቧራ እዚያ ይገባል፣ ቬንትሌተሩን ያፍናል፣ ባትሪው ይሞቃል፣ ከሴሎቹ አንዷ ትደክማለች፣ አንዷ ከደከመች ሌሎቹን ይዛ ትወርዳለች። ባለቤቱ ደግሞ መጀመሪያ የሚያየው ቤንዚን መጨመሩን ነው፤ ሻማ ይቀይራል፣ ፊልትሮ ይቀይራል፣ ወደ ወንፊቷ የሚያይ የለም። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። ማሩን የት ነው የምትጭነው አለኝ። የኋላ ወንበር ላይ ነው። ጆንያውስ? ያው። እንግዲህ ወንፊቷን በጆንያ ደፍነህ 2,800 ሜትር ዳገት ልትወጣ ነው አለኝ። ያገለገለ ስትገዛም ሻጩ ፊት ክዳኗን አስከፍት፤ በውስጧ የምታየው አቧራ መኪናው ከተማ ይኑር ገጠር ከቆጣሪው የተሻለ ይነግርሃል።

እኔ ባለሙያ የምለው እንዲህ ያለውን ነው።

መልስ 14። ሕጉን አስታወሰን። በጥር 2016 የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን ተናግረዋል። ስለዚህ ሃይብሪድ ስትል ቀድሞ የገባ፣ ሰው የነዳው፣ ምናልባትም አስራ ሦስተኛው የነገረህን አቧራ የበላ መኪና ነው የምትገዛው። አስረኛው ይህን ብቻ ሳይመልስ አለፈው።

ከመልስ 15 እስከ 18። ከመንገዱ ወጣን። አስራ አምስተኛው ክልከላውን አወገዘ፣ አስራ ስድስተኛው አስራ አምስተኛውን አወገዘ። አስራ ሰባተኛው ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የሕዳሴ ግድብ ተመርቆ፣ 5,150 ሜጋዋት ይዘን፣ እኛ አዳማዎች ደግሞ ከጓሯችን 51 እና 153 ሜጋዋት የነፋስ ማመንጫዎች እየዞሩልን፣ ቆቃንም ከ1952 ጀምሮ አጠገባችን ይዘን ስለ ቤንዚን ማውራት ነውር ነው አለ። አስራ ስምንተኛው መለሰለት፣ ጠንከር አድርጎ፦ ወንድሜ፣ ግድቡ ጉባ ነው፣ ነፋሱም አዳማ ነው፣ ሰውየው የሚያድረው ጎባ ነው፤ እስቲ መኪናው እዚያ የሚሰካበት ሽቦ ስንት ሚሊ እንደሆነ ንገረው። አስራ ሰባተኛው ባንዳ አለው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ዘልዬዋለሁ።

መልስ 19 እና 20። አንዱ ሦስተኛ ምርጫ አለ ብሎ ሶኬት ያለውን፣ እንደ ኤሌክትሪኩ ተሰክቶ የሚሞላውን ሃይብሪድ አነሳ። ባትሪው 18 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ የሆነ ቢሆን የሳነቲን ቁልቁለት ሙሉውን ይውጠዋል፣ ዳገቱን ደግሞ ቤንዚን ያግዘዋል። ለመንገድህ የተሠራ መኪና ይኸው ነው አለ። ሃያኛው ከየት ነው የሚገኘው ብሎ ጠየቀ። እስካሁን መልስ የለም።

መልስ 21። ሻሸመኔ ፔንሲዮን የምታስተዳድር ሴት ናት። በዚህ ሁሉ ጭቅጭቅ መሃል ገብታ፣ ወንዶቹ ስለ መኪናው ስትጨቃጨቁ መኪናው የሚያድርበትን ቤት አንድም ሰው አልጠየቀም አለች። ኤሌክትሪክ መኪና ይዘው የሚያድሩ እንግዶች አሏት። መጀመሪያ ከክፍሉ ሶኬት፣ በመስኮት ባሾለኩት ኤክስቴንሽን ነበር የምታሰካቸው። አንድ ሌሊት የጎማ ሽታ ቀሰቀሳት፤ ኤክስቴንሽኑ እንደተጠቀለለ ቀልጧል። ክፍሎቹ ውስጥ የተዘረጋው ሽቦ ለአምፑልና ለቴሌቪዥን ነው። አሁን ወጥ ቤት ነው የምታሰካው፣ ከምጣዱ መስመር። ምጣድ ያለው ቤት ሁሉ አንድ ወፍራም ሽቦና የራሱ ማጥፊያ አለው፤ እሱ ሌሊቱን ሥራ ፈትቶ ያድራል። ስለዚህ ጎባ ያለውን ማረፊያህን ቻርጀር አላችሁ ወይ ብለህ አትጠይቅ፣ የለንም ይሉሃል አለችኝ። እንጀራ እዚሁ ትጋግራላችሁ ወይስ ታስመጣላችሁ ብለህ ጠይቅ። የሚጋግሩ ከሆነ ስንት ሰዓት ብለህ ጠይቅ፤ ምክንያቱም የእሷ ጋጋሪ ሌሊት 11 ሰዓት ትነሳለች፣ ያን ጊዜ ምጣድና መኪና አንድ ላይ አይሆኑም፣ ቆጣሪው ይዘልላል። አንዱ እንግዳ ነቅሎብኝ ብሎ ተጣልቷት ነበር፤ ቁርሱን እንጀራ ፍርፍር ካዘዘ በኋላ ነው የተጣላት።

መልስ 22፣ 23 እና 24። አንዱ መኪናው እርሾ እርሾ እንዳይሸት ፈራሁ ብሎ ቀለደ። ሌላው ግን ወጥ ቤትና መኪና ምን አገናኘው፣ እህታችን ወደ ሙያዋ ትመለስ ሲል ጻፈ። ለመጀመሪያ ጊዜ አስተማሪው ተቆጡ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል፤ ከመኪናው ጋር የሚመጣው ተንቀሳቃሽ ቻርጀር ከ2 እስከ 3.5 ነው። አንድ ዓይነት ጭነት ነው፣ እንዲያውም ከቤት ዕቃ ሁሉ ከመኪና ጋር የሚመሳሰለው ምጣድ ብቻ ነው። እሷ ያየችውን ተናገረች፣ አንተ ያላየኸውን ሰደብክ አሉት። ሃያ ሦስተኛው ጽሑፉን አጠፋ። እሷ ግን ሳታየው አልቀረችም፤ ከዚያ በኋላ በአጭር በአጭሩ ነው የምትመልሰው።

መልስ 25። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ምጣዱ ትክክል ነው፣ ሁለት ነገር ይቀረዋል አለ። አንደኛ፣ ገጠር ላይ ማታ ሁሉም ሲያበራ ጉልበቱ ይወርዳል፣ ከ220 ወደ 180 ቮልት ሲጠጋ ቻርጀሩ ራሱን ይቆርጣል፤ ስለዚህ ከምሽቱ 3 ሰዓት በፊት ሰክተህ አትበሳጭ። ሁለተኛ፣ ብዙ ቤት ኤርዝ (ወደ መሬት የሚወርደው መከላከያ ሽቦ) የለውም። ሶኬቱ ሦስት ቀዳዳ አለው ማለት ኤርዝ አለው ማለት አይደለም። ጨዋ ቻርጀር ኤርዝ ካላገኘ ቀይ መብራት አብርቶ እንቢ ይላል፤ እንቢ ሲል አታታልለው፣ መሬት ላይ ብረት አስመታ።

መልስ 26፣ 27 እና 28 በአጭሩ። ብርድ የነካው ባትሪ፣ በተለይ ፎስፌት የሚባለው ዓይነት፣ ቶሎ አይሞላም፤ ጎባ ውጭ ያደረ መኪና ጠዋት የመጀመሪያዎቹን ኪሎ ሜትሮች ቁልቁለት ቢያገኝም ብዙ አይመልስም። ሌላው የመኪናውን ስክሪን ከቻይንኛ ወደ አማርኛ እንዴት እንደሚቀይር ጠየቀ፣ ማንም አልሰማውም። ሃያ ስምንተኛው ብዙዎቹ ኤሌክትሪኮች እስኮርታ ጎማ የላቸውም፣ መንፊያና ማጣበቂያ ብቻ ነው ያላቸው፣ ከሮቤ በኋላ ጎሚስታ ፍለጋ እንዳትንከራተት አንድ ጎማ ከነቸርኬው ግዛና ከማሩ ጎን አስቀምጥ አለ። ባትሪው ሆዱ ሥር ስለሆነ ድንጋይ ላይ እንደ ላንድክሩዘር አትሂድ የሚልም ጨምሯል።

መልስ 29። ሁለት መስመር ብቻ። ያንን መንገድ ከመሸ ማንም አይነዳውም፤ ስለዚህ ቀን ላይ ለቻርጅ የቆምክባት እያንዳንዷ ሰዓት ከብርሃንህ ትቀነሳለች። ይህን ሁላችንም እያወቅን ማንም አልጻፈውም ነበር።

መልስ 30። አስተማሪው ሒሳቡን ሠሩልኝ፣ ማመስገኛ የለኝም። አዳማ ጎባን 330 ኪሎ ሜትር ብለን፣ በየ100ው 15 ሲታሰብ 50 ኪሎዋት ሰዓት። ጎባ ከአዳማ 1,000 ሜትር ያህል ትበልጣለች፣ መሃል ላይም በቆጂና ዲንሾ አሉ፤ 8 ጨምር፣ 58። ባለ 60ው ዲንሾ ላይ ልብህን ያቆመዋል፣ ተወው። ባለ 80ው 20 ያህል ይዞ ይገባል። ከጎባ ደሎ መና 110 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ጠጠር፤ ወጥቶ መውረድ ስለሆነ 16 ብቻ ይበላል። ሲሄድ ደስ ይላል። ሲመለስ ግን 2,800 ሜትሩን ታች ካለው ጀምሮ መውጣት ነው፤ 29። ሲሄዱና ሲመለሱ ያው መንገድ ነው፣ ዋጋው እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው።

መልስ 31። አስረኛው ሾፌር ሒሳቡን አገላብጦ አየና ስሕተት አገኘ። ሰውየው ሲመለስ ባዶ አይደለም፣ ሦስት ኩንታል ጭኗል። አስተማሪው ወዲያው ተቀበሉ፤ 29ኙ 33 ሆነ። ከዚያ አስረኛው ቀጠለ፣ አሁን ድምፁ ተለውጧል። ጎባ 20 ይዘህ ገባህ እንበል። ከምሽቱ 3 እስከ ሌሊቱ 10፣ ያቺ ሴትዮ እንዳለችው ከምጣድ መስመር ላይ በ3 ኪሎዋት 21 አገኘህ፤ 41። ደሎ መና 25 ይዘህ ደረስክ። እዚያ መብራት ከሌለ 33 የሚፈልግ ዳገት ሥር 25 ይዘህ ተቀምጠሃል። ሃይብሪድ የሚገዛው ለዚህች ለ8 ኪሎዋት ሰዓት ነው። አስተማሪው ተከራከሩት፤ ከጎባ 60 ሳይዝ አይውረድ፣ አንድ ሌሊት ይጨምር። አስረኛው ደግሞ የነጋዴ ሌሊት በነፃ አይደለም አለ። ሁለቱም ልክ ናቸው። ሠላሳ መልስ ሙሉ ከተደረገው ክርክር የኔን መንገድ የነካው ይህ ብቻ ነው።

መልስ 32 እና 33። ማሩ በኪሎ ስንት ነው? ነጭ ነው ቀይ? (ለሁለቱም በውስጥ መስመር መልሻለሁ።)

መልስ 34። የራሴ ነው። ጎባ የማድርበት ቤት ደወልኩ። ምጣድ አላቸው፣ የሚጋግሩትም ሌሊት 10 ሰዓት ነው፤ የምሽቱን ከከፈልኩ ግድ የላቸውም። ከዚያ አጎቴ ጋ ደወልኩ። ስንት አምፔር መስመር እንዳለው ስጠይቀው መጀመሪያ የታመምኩ መሰለው። መብራት አለው፤ ግን ከጎረቤት ቆጣሪ በቀጭን ሽቦ የተሳበ ነው፣ ሁለት አምፑልና አንድ ስልክ ያስችላል። እንጀራው በእንጨት ነው የሚጋገረው። የራሱን ቆጣሪ ለማስገባት ካመለከተ ቆይቷል። ጎረቤቱ ግን የእህል ወፍጮ አለው።

መልስ 35። ሴትዮዋ፣ በሦስት ቃል። ወፍጮው ማታ ይቆማል።

መልስ 36። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ከወፍጮው እስከ አጎቴ ግቢ ስንት ሜትር እንደሆነ ጠየቀኝ። አጎቴ በእርምጃ ለካው፤ 32 እርምጃ። እንግዲያው 35 ሜትር፣ ከ4 ሚሊ የማያንስ፣ 6 ቢሆን ይመረጣል፣ እንደተጠቀለለ እንዳይሠራበት፣ ጫፉ ላይ የራሱ ማጥፊያ፣ መሬት ላይ ብረት። የወፍጮው ባለቤት ሦስት ፌዝ ካለው መኪናው የሚወስደው አንዱን ብቻ ነው፣ የትኛው እንደሚቀል ባለወፍጮው ራሱ ያውቃል።

መልስ 37። አስረኛው ነው። ኤሌክትሪኩን ከገዛህ የመጀመሪያውን ጉዞ አብሬህ እሄዳለሁ፣ እኔ በሃይብሪዴ ከኋላ አለ። ገመድ ይዤ እንዳልልህ መጎተት አይፈቀድም ብዬ የጻፍኩት እኔው ነኝ፤ ጥብስና ቡና ግን ይዣለሁ።

እቁቡ የሚወጣው ጥቅምት ላይ ነው። መኪናው ገና አልተገዛም። ትናንት ግን 35 ሜትር ባለ 6 ሚሊ ሽቦ ገዝቼ ሱቁ ውስጥ ከማር ጣሳዎቹ ጀርባ አስቀምጫለሁ፤ ባለቤቴ ምን እንደሆነ ጠይቃኝ፣ ለአጎቴ ነው አልኳት።